በረዶና ይሉኝታ አብረው አይራመዱም!

ጎበዝ! የአማርኛችንን ቸርነት ልብ ብላችሁታል? ቆርቆሮ እየደበደበ የሚወርደው ጠጠር "በረዶ"፤ እንደ ተነደፈ ጥጥ እየተንሳፈፈ መሬት የሚያለብሰው "በረዶ"፤ ከፍሪጅ ወጥቶ ብርጭቆ ውስጥ የሚንኳኳውም "በረዶ"! ለሦስቱም አንድ ስም ሰጥተን ተገላግለናል። አገር ቤት ይህ ማንንም አይጎዳም። በረዶ ሲጥል ልጆች ለቅመው ይበሉታል፤ ገበሬው ስለ ማሳው ይጨነቃል፤ ከአፍታ በኋላ ፀሐይ ትወጣና ታሪክ ይሆናል። እኔ በምኖርባት በሚኒያፖሊስ ከተማ ግን ሦስቱን ያልለየ ሰው ክፍያው በአጥንት ነው!

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ተራ ነገር ነው፤ ስለ መራመድ። "ዕድሜ ልኬን ስራመድ ኖሬ አሁን መራመድ ልታስተምረኝ ነው?" ትሉኝ ይሆናል። አዎን! በተለይ ወደ ብርድ አገር ለመሄድ ሻንጣ የምታዘጋጁ፣ የወለደች ልጃችሁን ልታርሱ መንገድ የምትጠብቁ እናቶች፣ እዚያው ብርድ አገር ሆናችሁም በንጋት ለሥራ የምትወጡ ወገኖች ጆሮ ስጡኝ። እዚህ አገር መራመድ እንደ አዲስ የሚማሩት ሙያ ነው። ሙያውን የሚያበላሽብን ደግሞ ብርዱ ብቻ አይደለም፤ የገዛ ይሉኝታችን ነው። እንዴት? ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ክረምቱ ሌላ ነው

መጀመሪያ አገሩን ላስተዋውቃችሁ። ሚኒያፖሊስ ከካናዳ ጋር በምትዋሰነው በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከጎረቤቷ ከሴንት ፖል ጋር "መንትዮቹ ከተሞች" ይሏቸዋል። የኛ ሰው፣ የሶማሌው፣ የሌላውም አፍሪካዊ ብዛት ይህ ነው አይባልም። ክረምት ሲባል የሐምሌ ዝናብና ጭቃ ትዝ የሚላችሁ ከሆነ እርሱት! የእዚህ ክረምት እምብርቱ እናንተ ጃንሜዳ ጥምቀት የምታከብሩበት ወቅት ነው። በጃንዋሪ ወር የሌሊቱ ቅዝቃዜ በአማካይ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። ከዚያ በእጥፍ የሚወርድበት ሌሊትም አለ። የደብረ ብርሃን ውርጭ እዚህ ቢመጣ ጃኬቱን ያወልቃል! እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. ከኦክቶበር 31 እስከ ኖቬምበር 3 በወረደ አንድ ውሽንፍር ብቻ መንትዮቹ ከተሞች ላይ 72 ሴንቲ ሜትር በረዶ ተቆልሏል። ከጉልበት በላይ ማለት ነው።

ታዲያ አዲስ መጪ የሚፈራው ይህንን ነጭ ክምር ነው። እሱስ የዋህ ነው! አዲስ የወረደ ነጭ በረዶ ሲረግጡት ጭርጭር ይላል እንጂ ጫማን ያዝ ያደርጋል። ዋናው ጠላት የማይታየው ነው። ቀን ላይ ፀሐይ ብቅ ስትል ክምሩ ይቀልጥና ውኃው በአሸንዳ ወርዶ፣ ከየመኪና መግቢያው ተንሸራቶ፣ የእግረኛው መንገድ ላይ ይተኛል። ማታ ይረጋል። ጠዋት እንደ መስታወት ስስ ሆኖ፣ የአስፋልቱን መልክ ተመስሎ ይጠብቃችኋል። "ብላክ አይስ" ይሉታል፤ ጥቁር በረዶ። ጥቁሩ እሱ ሳይሆን ከሥሩ የሚታየው አስፋልት ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በዚህ መስታወት ላይ ስስ ነጭ በረዶ የጣለበት ቀን ነው። ነጩን አምናችሁ ትረግጡታላችሁ… መስታወቱ ከሥር ይቀበላችኋል!

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። በረዶ ይበልጥ የሚያዳልጠው ብርዱ ሲከፋ አይደለም፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነው። ላዩ ርጥብ ይሆናላ! ስለዚህ "ዛሬስ ሞቅ ብሏል፣ ተመስገን" በተባለበት ቀን ነው ጥንቃቄ መጨመር።

ከደጃፍ እስከ ባቡር

የምኖረው ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባል ሰፈር ነው። ባለ ብዙ ቀለም ሰሌዳ የለጠፉ ረጃጅም ፎቆች ከሩቅ ይታያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. የተከፈቱ ናቸው። ሰፈሩ ከጥንት ጀምሮ ስደተኛ ተቀባይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ብትመጡ ከየበሩ የሚወጣው ሰው ቢሮ ገቢ አይደለም። ሆቴል የሚያጸዳው፣ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው፣ አረጋውያን የምትንከባከበው፣ ቁርስ የምታበስለው ነው የሚወጣው። ፀሐይ የምትወጣው 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ስለዚህ መንገዱን የሚያሳየን የመብራት እንጨት ብቻ ነው።

ከደጃፌ እስከ ባቡር ጣቢያው ያለው መንገድ አጭር ነው፤ የሚያዳልጡ ቦታዎቹን ግን በስም አውቃቸዋለሁ ማለት ይቻላል። አንደኛው የራሴው ደረጃ ነው። እጄን ከኪሴ አውጥቼ የብረት መደገፊያውን ሳልይዝ አንድ እርከን አልወርድም። ሁለተኛው የአሸንዳው ሥር ነው፤ እዚያ ማታ ማታ ትንሽ ሐይቅ ይረጋል። ሦስተኛው ፎቁ ፀሐይ የሚከለክለው ጎን ነው፤ ሌላው መንገድ ሲደርቅ እሱ ለሳምንታት ሳይቀልጥ ይቆያል። አራተኛው የመኪና መግቢያው ነው፤ ቁልቁል ያዘነበለ፣ ጎማ የወለወለው። አምስተኛው የመንገዱ ማዕዘን ነው። በረዶ ጠራጊው መኪና ከአስፋልቱ ላይ ገፍቶ እዚያ ጋ ጉብታ ይሠራል፤ እግረኛ ተራራ ወጥቶ ተራራ መውረድ ግዴታው ነው። ድልድይም ካለባችሁ አስቡበት፤ ከላይም ከታችም ነፋስ ስለሚመታው ቀድሞ የሚረጋው እሱ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ቦታ ግን ባቡሩ ሲመጣ የሚታይበት ቦታ ነው! ለምን ብትሉ፣ እዚያ ጋ ሰው ይሮጣል። በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ ናችኋ! አምስት ደቂቃ መዘግየት አለቃ ፊት ያቆማል።

የሰፈራችን አንዲት እህት ለሥራ ባልደረቦቿ የገና ዶሮ ወጥ ይዛ እየሄደች የባቡሩን ደወል ሰማች። ሮጠች። አዳለጣት። ሳህኑን ከፍ አድርጋ በአንድ እጇ ይዛ በሌላው መሬቱን መከተች። ዶሮው ዳነ፤ አንጓዋ ተሰበረ! "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይባል የለ? እሷ አላፈሰሰችም፤ ለስድስት ሳምንት ግን እጇ በጄሶ ታሰረ። የምታጸዳው በእጇ፣ የምትከፈለው በሰዓት። የቤት ኪራዩ ግን "እጅሽ ተሰብሯል" ብሎ አይጠብቅም። ዛሬ ራሷ እየሳቀች ታወራዋለች፤ ያን ጊዜ ግን ሰፈሩ ተዋጥቶ ነው ያለፈችው። የሚቀጥለው ባቡር መምጣቱ አይቀርም። አንጓ ግን መለዋወጫ የለውም!

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ስለ እግር አይደለም፤ ስለ ሰዓት ነው። በረዶ በረገጠበት ሳምንት የሚቀሰቅሳችሁን ደወል ሩብ ሰዓት ወደፊት አምጡት። በረዶ የሚጥለው ቸኳይን ነው።

አረማመዱ እንዲህ ነው

የዚህ አገር ሰዎች "እንደ ፔንግዊን ተራመዱ" ይላሉ። ፔንግዊን መሬት የያዘች፣ ክንፏን ዘርግታ ወዲያ ወዲህ እያለች በበረዶ ላይ የምትሄድ ወፍ ናት። እኔ ግን ወፏን ሳያይ ያደገ ወገኔ ይህን ሙያ ያውቀዋል ባይ ነኝ። የዋልካ ጭቃ በክረምት የተራመደ ገበሬ አይታችኋል? ጉልበቱን ሰበር ያደርጋል፣ እግሩን ከፈት ያደርጋል፣ አጭር አጭር ይራመዳል፣ ሙሉ መዳፉን ያሳርፋል፣ በበትሩ መሬቱን ይጠይቃል። በቃ፣ እሱ ነው!

ዝርዝሩ ይኸውላችሁ። ተረከዝ ቀድሞ አይረፍ፤ የሚያንሸራትተው ተረከዝ ነው። ክብደታችሁ ፊት ባለው እግር ላይ ይሁን፤ ሰውነት ወደ ኋላ ያጋደለ ለታ ሰማይ ነው የምታዩት። እጅ ከኪስ ይውጣ፤ ለዚህ ጓንት አለላችሁ። ዕቃ በእጅ አንጠልጥሎ መሄድ ይቅር፤ ቦርሳ ጀርባ ላይ ይታዘል። ስልክ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ፤ አገር ቤት ያለው ወሬ ጣቢያው እስክትደርሱ አያረጅም። ከመኪና ወይም ከአውቶቡስ ስትወርዱ አንድ እግር አስቀምጣችሁ አትዝለሉ፤ በሩን እንደያዛችሁ ሁለቱም እግሮች መሬት ይርገጡ፣ ከዚያ ልቀቁ። መንገዱ ከተጠራጠራችሁ ከጎኑ ያለውን ነጭ በረዶ ወይም ሣር ርገጡ። ይረጥባል? ይርጠብ! ካልሲ ይደርቃል።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ያሉት አባቶቻችን በረዶ ሳያዩ ነው። ቢያዩማ ምን ይሉ ነበር!

ጫማና አንካሴ

ገበያ ወጥታችሁ ፀጉር የበዛበትን፣ ዋጋው የሰቀለውን ቡት አታምልኩ። ማሞቅና መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በካናዳ የቶሮንቶ የተሃድሶ ሕክምና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እውነተኛ በረዶ ላይ ሰው እያራመዱ፣ ወለሉን እያዘነበሉ ጫማ ይፈትናሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ውጤቱን ይፋ ሲያደርጉ ከ98 ዓይነት የክረምት ጫማዎች ውስጥ ዝቅተኛውን መስፈርት ያለፉት ከመቶ አሥር እንኳ አልሞሉም። እንግዲህ በማስታወቂያ አትታለሉ! ሶሉን ጨምቁት። በብርድ የማይደርቅ ለስላሳ ጎማ፣ ጥልቅ ጥርስ ያለው ይሻላል። ጠንካራ ፕላስቲክና የቆዳ ሶል ግን በረዶ ላይ ሳሙና ነው። የቅዳሜ ማታ ጫማችሁን በፌስታል ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ቀይሩ።

ጫማ ላይ የሚጠለቅ፣ ከሥሩ የብረት ጥርስ ያለው ላስቲክም አለ። ዋጋው ከአንድ የሐኪም ቤት ጉብኝት ጋር አይወዳደርም። ሁለት ነገር ግን አትርሱ። ስታጠልቁት ተቀምጣችሁ ይሁን። ቤት ወይም ሱቅ ስትገቡ ደግሞ አውልቁት፤ በረዶ ላይ የያዘው ጥርስ እምነበረድ ላይ ራሱ ይጥላችኋል።

ምርኩዝ ለሚይዙ አባቶችና እናቶች ደግሞ ምርኩዙ ጫፍ ላይ የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት ይሸጣል። አንድ አዛውንት አውቃለሁ፤ ልጃቸው ካመጣቸው ጀምሮ ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች፣ ከቤት አልወጡም ነበር። መስኮት ሥር ተቀምጠው የሚያልፍ መኪና ይቆጥራሉ። "እኔ እኮ እስር ቤት ነኝ፤ ጥፋቴን ግን የነገረኝ የለም" ይሉ ነበር። መውደቅ ፈርተው ነው። በሦስተኛው ክረምት ልጃቸው ብረቱን ገዝቶ ምርኩዛቸው ላይ አሰረላቸው። ገልበጥ አድርገው አዩትና "አንካሴ አትለኝም ኖሯል!" አሉ። ያንን ቀን ማዕዘኑ ድረስ ሄደው ተመለሱ። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ይወጣሉ። ይህን የምነግራችሁ ለቀልድ አይደለም። በረዶ የሚሰብረው የወደቀውን ብቻ አይደለም፤ መውደቅ ፈርቶ ተቀምጦ የቀረውንም ጉልበቱን ያደርቃል፣ ሆዱን ያስብሰዋል። መፍትሔው መቅረት አይደለም፤ ተዘጋጅቶ መውጣት ነው።

የመስታወቱ ድልድይ

መሀል ከተማ ኒኮሌት ሞል ጣቢያ ስወርድ ቀና ካልኩ አንድ ጉድ ይታየኛል። ከፎቅ ፎቅ፣ ከመንገዱ በላይ የተዘረጉ በመስታወት የተሸፈኑ መተላለፊያዎች! "ስካይዌይ" ይባላሉ። የመጀመሪያው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. ነው። ዛሬ 80 ገደማ የሚሆኑ የከተማ ብሎኮችን ያገናኛሉ፤ ርዝመታቸው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውጭው ሲቆረፍድ ሰው በሸሚዝ ሆኖ ምሳ ሊበላ ይሄድባቸዋል።

ታዲያ ምን ያደርጋል! በሮቹ የሚከፈቱት በየሕንፃው ሰዓት ነው። እኛ በምናልፍበት ንጋት ብዙው ዝግ ነው። ወለሉን የሚወለውሉት ሠራተኞች ከታች በበረዶው ይመጣሉ፤ በወለሉ ላይ የሚራመዱት በኋላ ከላይ ይመጣሉ። እንደዚህ ነው አንዳንዱ ነገር። የሆነ ሆኖ ምክሩን ያዙ። ሥራችሁ ረፈድ ሲል ከሆነ በስካይዌዩ ተጠቀሙ። አዛውንት ካሏችሁ እኩለ ቀን ላይ አምጧቸውና እዚያ ውስጥ እግራቸውን ያፍታቱ፤ በነፃ ነው። ስትገቡ ግን በሩ ጋ ያለውን ምንጣፍ ሳትረግጡ አትለፉ። በጫማ የገባ በረዶ ሰድሩ ላይ ቀልጦ፣ ከውጭ ተርፎ የመጣውን ሰው ውስጥ ይጥለዋል።

ከወደቁስ?

አንዳንዴ መቼም አይቀርም። አወዳደቅም ሙያ አለው። የመጀመሪያው ስሜት እጅን ዘርግቶ መመከት ነው፤ አንጓ የሚሰበረውም በዚሁ ነው። ይልቅ ጉልበትና ክርናችሁን ሰብሰብ፣ አገጫችሁን ወደ ደረት ሸጎጥ አድርጉና በጎን፣ ሥጋ ባለበት በኩል ውደቁ። ወፍራም ኮፍያም ከብርድ ሌላ ለዚህ ይጠቅማል።

ከወደቃችሁ በኋላ ዘላችሁ አትነሡ! እዚሁ ላይ ነው ያ ይሉኝታችን የሚመጣው። የኛ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚያየው እግሩን ሳይሆን "ማን አየኝ?" ብሎ ዙሪያውን ነው። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ልብሱን አራግፎ ይሮጣል፤ የተሰነጠቀውን አጥንት ይዞ! ተዉ፣ ጥቂት ቁጭ በሉ። ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ፤ እግራችሁን ሞክሩ። ቀስ ብላችሁ በእጅና በጉልበታችሁ ተደግፋችሁ፣ አንድ እግር አስቀድማችሁ ተነሡ። ራሱን የመታ ሰው፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ደህና ነኝ ቢልም ሐኪም ይየው። ጎንና ዳሌው አሞት መቆም ያቃተውን አዛውንት ጎትታችሁ አታንሡ፤ ብርድ ልብስ ደርባችሁ አምቡላንስ ጥሩ። በሥራ ቦታ ግቢ ውስጥ ከወደቃችሁም ያንኑ ዕለት ለአለቃችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። "አስቸጋሪ ናት ይሉኛል" ብላችሁ ዝም ብትሉ፣ ኋላ ሕመሙ ሲመጣ የሚያምናችሁ አይኖርም።

ይሉኝታን ምን እናድርገው?

ይሉኝታ አገር ቤት ጌጣችን ነው፤ አልክድም። በረዶ ላይ ግን ጣይ ነው። አስቀያሚ ቡት ላለማድረግ በቄንጠኛ ጫማ የምንወጣው በይሉኝታ ነው። እንደ ዳክዬ ላለመራመድ ደረታችንን ነፍተን የምንሄደው በይሉኝታ ነው። የገና ሌሊት ቅዳሴ አልቆ፣ በነጭ ነጠላ ላይ ወፍራም ካፖርት መደረብና በጥርሳም ጫማ መውጣት የሚያሳፍራቸው እናቶች አሉ። እማማዬ፣ እግዜር ጫማዎን አያይም! የማናውቀውን ሰው "እባክህ ክንድህን ልያዝ፣ ይህን ማዕዘን አሻግረኝ" ማለትም ያሳፍረናል። እዚህ አገር ግን ይህን የጠየቃችሁት ሰው ደስ ብሎት ነው የሚያሻግራችሁ። እሱም እኮ ያዳልጠዋል!

አከራይን መናገርም እንዲሁ። የሚኒያፖሊስ ሕግ ግልጽ ነው። በረዶው ካቆመ በኋላ መኖሪያ ቤት ያለው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ፣ የአፓርታማና የንግድ ቤት ባለቤት ደግሞ በ4 የቀን ሰዓት ውስጥ ከፊቱ ያለውን የእግረኛ መንገድ ማጽዳት አለበት። ካላጸዳ 311 ደውሎ ለከተማው አስተዳደር ማመልከት ይቻላል። ከተማው አጽድቶ ሒሳቡን ለባለቤቱ ይልካል። ይህ ክስ አይደለም፣ ጠብም አይደለም። ከናንተ ኋላ የሚመጣው ነፍሰ ጡር ወይም አዛውንት ሊሆን ይችላል።

እናንተም ቤት ካላችሁ በወቅቱ ዛቁ፤ ሳይረገጥ ሲዛቅ ይቀላል፣ ከተረገጠ ድንጋይ ይሆናል። ጨው በእፍኝ በእፍኝ አትበትኑ። ተራው ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ጉልበት ያጣል፤ ትርፉ ሐይቅና ወንዝ መበከል ነው። በዚያ ብርድ አሸዋ ይሻላል፤ በረዶውን ባያቀልጠውም እግር ይይዛል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሻንጣ ስታዘጋጁ በርበሬና ሽሮው ይግባ፣ ማን ይከለክላችኋል! ግን ለጥርሳም ጫማም ቦታ ተዉለት። ይሉኝታውን ደግሞ ቦሌ ላይ ለሸኚ ዘመድ አደራ ስጡት። ስትመለሱ ትረከቡታላችሁ። እስከዚያው ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ውጡ፣ አጭር አጭር ተራመዱ፣ የሚስቅ ካለ ይሳቅ! ቸር ያራምዳችሁ።